ኤ.ኤም.፤ ስለ ሁለት ፊደሎች ብዙ ትርጕም

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በመጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከሁለት ፊደልና ከሁለት ነጥብ አይበልጥም። ፊደሎቹ የላቲን ሲሆኑ የፊተኛው «ኤ»፣ የኋለኛው «ኤም» ይባላል። ይህን ምልክት በአውሮፕላን ቲኬትዎ ላይ ከሰዓቱ ቍጥር ቀጥሎ፣ በሬዲዮ መቀበያዎ ፊት ላይ ከማዞሪያው አጠገብ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ዲፕሎማ ላይ፣ በጥንታዊ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ከዘመኑ ጐን፣ እንዲሁም በእጅ ስልክዎ ላይ ያገኙታል። መልኩ በየስፍራው አንድ ነው፤ ትርጕሙ ግን በየስፍራው ይለያያል።

ነገሩ የፊደል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜዎን ለመውሰድ ባልደፈርን ነበር። ነገር ግን በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ሠራተኛ በችኰላ የጻፈውን አሕጽሮት ሌላው ሠራተኛ በራሱ ልማድ ሲፈታው የሚጐዳው ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን ወረቀቱን ይዞ የሚመላለሰው ባለጉዳይ ነው። በዚህ ምልክት ምክንያት መንገደኛ አውሮፕላን ሊያመልጠው፣ ተማሪ ከፈተና ሊቀር፣ አንድ ሠራተኛም ሳያረጅ በወረቀት ላይ ሊያረጅ ይችላል። እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

አስቀድመን ሁሉም ከሚያውቀው እንጀምር። ከሰዓት ቍጥር በኋላ የሚጻፈው «ኤ.ኤም.»፣ «አንቴ ሜሪዲየም» ከሚል የላቲን ሐረግ የተወሰደ ነው። «አንቴ» ማለት በፊት፣ «ሜሪዲየስ» ማለት ደግሞ እኩለ ቀን ስለሆነ፣ ሐረጉ በኛ ቋንቋ «ከቀትር በፊት» ተብሎ ይፈታል። ባልንጀራው «ፒ.ኤም.» «ፖስት ሜሪዲየም»፣ ይኸውም «ከቀትር በኋላ» ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው «ከቀትር በፊት» የተባለው ጊዜ ከየት እንደሚጀምር ሲጠየቅ ነው። በኤውሮፓውያንና በአሜሪካውያን ዘንድ ዕለት የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ቀን ያለው አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጨለማውም ብርሃኑም በሙሉ «ኤ.ኤም.» ይባላል። የኛ የሰዓት አቈጣጠር ግን የሚነሣው ከንጋት ነው፤ ሲነጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ እንላለን፤ ከዚያ ቀጥሎ ጠዋት አንድ ሰዓት ይመጣል። ይህም አቈጣጠር የኛ ብቻ አይደለም፤ የስዋሒሊ ተናጋሪዎች የሆኑት ጎረቤቶቻችንም በቋንቋቸው ሲነጋገሩ ሰዓታቸውን እንደኛው ከንጋት ይቈጥራሉ። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቅ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራረበ ጊዜ ስለምትወጣ፣ ለሚያርስና ለሚነግድ ሰው ከዚህ የቀና አቈጣጠር ማግኘት ያስቸግራል።

በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት መሆኑን ማንም ያውቃል። ይሁን እንጂ ይህን ማወቅ ብቻውን አያድንም። «ማክሰኞ 1:30 ኤ.ኤም.» የሚል ቲኬት የያዘ አንድ መንገደኛ እናስብ። ይህ ሰው ቍጥሩን ብቻ አይቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ቢመጣ፣ አውሮፕላኑ ከተነሣ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ሌላው መንገደኛ ደግሞ ነገሩን ያወቀ ነው፤ ስድስት ሰዓት ደምሮ «ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል ማለት ነው» ብሎ በትክክል ይተረጕማል። ነገር ግን ማክሰኞ የተባለውን እንደ አገሩ ልማድ ወስዶ፣ ማክሰኞ ውሎ፣ ማክሰኞ ማታ ቤተ ዘመዱን ተሰናብቶ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቦሌ ቢወርድ፣ የዘገየው በስድስት ሰዓት ሳይሆን በሙሉ አንድ ቀን ነው። በቲኬቱ አቈጣጠር ማክሰኞ የገባው ሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ ነበርና፣ ሰውየው ከቤቱ መነሣት የነበረበት ሰኞ ማታ ነው። እንግዲህ አዋቂው መንገደኛ ካላዋቂው ይልቅ ተጐዳ ማለት ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ጊዜ የማያሳስት አነጋገር ነበራቸው፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ይሉ ነበር። በዚህ አነጋገር ሰኞ መሽቶ ማክሰኞ ገና አለመንጋቱን በአንድ ቃል ይገልጹታል። ቃሉ ዛሬም በገጠርና በቤተ ክህነት ዘንድ ሕያው ነው፤ በቲኬት መሸጫ መስኮት ላይ ቢሰማ ግን ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። በኛ አስተያየት ፈገግታው ተችሎ ቃሉ እንደገና ሥራ ላይ ቢውል ብዙ ሰው ከእንግልት ይድናል።

ሰዓቱ አሥራ ሁለት ሲሆን ደግሞ ራሳቸው የምልክቱ ባለቤቶችም ተቸግረዋል። «12 ኤ.ኤም.» ቀትር ነው ወይስ እኩለ ሌሊት? በቃሉ ትርጕም ከሄድን ቀትር ከቀትር በፊትም ከቀትር በኋላም አይደለም፤ ራሱ ቀትር ነው። እኩለ ሌሊት ደግሞ ካለፈው ቀትር አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከሚመጣውም ቀትር አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ስለሆነ ሁለቱንም ስም ሊሸከም ይችላል። ዛሬ በብዙው ልማድ «12 ኤ.ኤም.» የሚባለው እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በኤሌክትሪክና በስልክ ላይ ያሉ ሰዓቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት ለጸሓፊዎች የሚያወጣው የአጻጻፍ መመሪያ ከእ.ኤ.አ. 2008 እትም በፊት ተቃራኒውን ሲያዝ ቈይቷል። የዚያው አገር የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ ምልክቱን ከ12 ቍጥር ጋር ጨርሶ አለመጠቀም ይሻላል ብሎ ይመክራል። የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ብልሃት ከሁሉ ይልቅ ቀላል ነው፤ ውላቸው የሚጸናበትን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ አሳልፈው «ከ12:01 ኤ.ኤም. ጀምሮ» ብለው ይጽፋሉ። በዚያች በአንዲት ደቂቃ ብዙ የፍርድ ቤት ክርክር ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ይህን ወደ ቢሮአችን ስናመጣው ጣጣው ይበዛል። «የጨረታ ሰነድ የሚቀበለው እስከ ዓርብ 12 ኤ.ኤም. ነው» የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ፣ አንዱ ተጫራች ሐሙስ ለዓርብ እኩለ ሌሊት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ዓርብ ለቅዳሜ እኩለ ሌሊት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ዓርብ ቀትር ነው ይላል፤ አራተኛው ደግሞ በአገሩ ሰዓት ተርጕሞ ዓርብ ሲነጋ ነው ይላል። አራቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሰነዱን የሚቀበለው ጸሓፊ ግን አንድ ብቻ ነው።

ከሰዓት ወደ ዘመን ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። የኛ «ዓ.ም.»፣ «ዓመተ ምሕረት» ከሚለው የግዕዝ ሐረግ የተቈረጠ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይህ ሐረግ በላቲን ፊደል ሲገለበጥና ሲያጥር ያው «ኤ.ኤም.» ይሆናል። ነገር ግን የኤውሮፓ ሊቃውንት ከዚህ ቀደም በቤታቸው ሌሎች ሁለት «ኤ.ኤም.» ነበሯቸው። አንደኛው «አኖ ሙንዲ» ነው፤ ትርጕሙም ዓመተ ዓለም፣ ይኸውም ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሚቈጠር ዘመን ነው። ሁለተኛው «አኖ ማርቲረም»፣ ዓመተ ሰማዕታት ነው። ይህኛው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ዓመተ እግዚእ የሚነሣ ሲሆን፣ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን በርሱ ዘመን ለሞቱት ሰማዕታት መታሰቢያ አድርጋ እስከ ዛሬ ትቈጥርበታለች።

እንግዲህ በአንድ የመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ «1500 ኤ.ኤም.» የሚል ቍጥር ቢገኝ ምን ብለን እንረዳው? ዓመተ ምሕረት ነው ካልን ዘመኑ የዐፄ ናዖድ መንግሥት ማለቂያና የዐፄ ልብነ ድንግል መባቻ ነው። ዓመተ ሰማዕታት ነው ካልን 276 ዓመት ደምረን 1776 ዓ.ም. እናገኛለን፤ ያን ጊዜ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። ዓመተ ዓለም ነው ካልን ደግሞ ገና የጥፋት ውኃም አልመጣ! አንድ ቍጥር፣ አንድ ምልክት፣ ሦስት ዓለም።

ከዓመተ ሰማዕታት ጋር ያለን ልዩነት ምንጊዜም ያው 276 ዓመት መሆኑ ነገሩን ቀላል ያደርገዋል፤ የኛና የግብጾች ዓመት በአንድ ቀን ይጀምራልና። ለምሳሌ የኛ 2017 ዓመተ ምሕረት ለነርሱ 1741 ዓመተ ሰማዕታት ነበር። ዓመተ ዓለም ግን እንዲህ በቀላሉ አይያዝም፤ ዓለም የተፈጠረበትን ዘመን ሕዝቦች በልዩ ልዩ መንገድ ስላሰሉት ነው። በኛ ባሕረ ሐሳብ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው፤ ስለዚህ 2017 ዓመተ ምሕረት 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህንንም ለአራት ሲያካፍሉት አንድ ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ተባለ፤ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆን ነበር። አይሁድ በበኵላቸው ከዘመናችን በፊት ከ3761 ዓመት ስለሚነሡ፣ በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ አካባቢ የገባው አዲስ ዓመታቸው 5785 ነበር። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን በጋብቻ ውላቸው ላይ የሚያዩት ዘመን ይኸኛው ነው። በኛና በነርሱ መካከል 1732 ዓመት አለ፤ ሁለቱም ግን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ «ኤ.ኤም.» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ።

የኛም «ዓመተ ምሕረት» ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ትርጕም ብቻ አልነበረውም። የጥንት ጸሐፍት ዘመንን በ532 ዓመት ዙር ይቈጥሩ ነበር፤ ይህም ዐቢይ ቀመር የሚባለው ነው። ቍጥሩ የመጣው የጨረቃን 19 ዓመት በፀሐይ 28 ዓመት ከማባዛት ሲሆን፣ ዙሩ ሲሞላ ዕለትና ሌሊት፣ በዓልና ጾም ሁሉ ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ በአንድ አሮጌ ብራና ላይ «በ77 ዓመተ ምሕረት» የሚል ቢገኝ፣ የዙሩ 77ኛ ዓመት ማለት ሊሆን ይችላልና፣ መጽሐፉ በሐዋርያት ዘመን ተጻፈ ብሎ የሚደነቅ ሰው ቢኖር መቸኰሉ ነው።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ታዲያ ወደ ራሳችን የግል ማኅደር እንውረድ። አንድ ሠራተኛ ጥር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ይህ ቀን በኤውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 1965 ነው። የልደት ወረቀቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም፣ ተርጓሚው «ዓ.ም.»ን አይቶ የነርሱን «ኤ.ዲ.» ይጽፍለታል። በቃል ትርጕም ያደረገው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ «ኤ.ዲ.» ማለት «አኖ ዶሚኒ»፣ ዓመተ እግዚእ ነውና፣ ከዓመተ ምሕረት ጋር በአሳብ ይቀራረባል። ነገር ግን ቃሉን ሲተረጕም ቍጥሩን ሳይለውጥ ተወው። ስለዚህ ሰውየው በወረቀቱ ላይ በ1957 ዓመተ እግዚእ የተወለደ ሆኖ ስምንት ዓመት አረጀ። በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ከሆነ፣ እውነተኛው ጊዜ ጥር 2017 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ፣ የተተረጐመውን ወረቀት የሚያምን መሥሪያ ቤት በጥር 2009 ዓ.ም. ያሰናብተዋል። ስምንት የደመወዝ ዓመታት፣ የእድገት ተስፋ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም በሁለት ፊደል ተበላ ማለት ነው። ይህን ስሕተት በኋላ ለማስተካከል ስንት ማመልከቻና ስንት ማኅተም እንደሚጠይቅ፣ በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሊነግርዎ ይችላል።

አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን ፈርተው ለኛ አቈጣጠር «ኢ.ሲ.»፣ ለኤውሮፓው «ጂ.ሲ.» ብለው ይጽፋሉ። ባገር ውስጥ ይህ ጥሩ ነው፤ ሁላችንም ለምደነዋል። ነገር ግን ወረቀቱ በብራስልስ ለሚቀመጥ ሰው ከሆነ፣ ለርሱ «ኢ.ሲ.» የኤውሮፓ ኮሚሽን ነው፤ «ጂ.ሲ.» የሚለውን ደግሞ ምናልባት ከዚህ ቀደም አላየውም። «በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር» ብሎ በሙሉ ቃል መጻፍ የሚወስደው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከማማሰል አይበልጥም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ሙያ እንምጣ። በሬዲዮ መቀበያ ላይ የተጻፈው «ኤ.ኤም.» ከቀትርም ከሰማዕታትም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ «አምፕሊቲዩድ ሞዱሌሽን» ማለት ነው። ነገሩን በከበሮ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ካህን ከበሮውን ሳያቋርጥ፣ ሳያፈጥንና ሳያዘገይ ይመታል እንበል። በዚህ ምት መልእክት ለማስተላለፍ ቢፈልግ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የምቱን ፍጥነት ሳይለውጥ አንዳንዴ አጠንክሮ፣ አንዳንዴ አላልቶ መምታት ነው። ሁለተኛው ኀይሉን ሳይለውጥ አንዳንዴ ማፍጠን፣ አንዳንዴ ማዘግየት ነው። የማሰራጫ ጣቢያው ማዕበል እንደዚያ ምት ነው። የተናጋሪው ድምፅ የማዕበሉን ቁመት ከፍና ዝቅ ሲያደርገው «ኤ.ኤም.» ይባላል፤ ቁመቱን ሳይነካ ድግግሞሹን ሲለዋውጠው «ኤፍ.ኤም.» ይባላል።

ከዚህ ልዩነት ብዙ ነገር ይመነጫል። መብረቅ ሲበርቅ ወይም አጠገብዎ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሠራ በአየር ላይ ያለውን የማዕበል ቁመት ያናውጠዋል። በ«ኤ.ኤም.» የሚቀበል ሬዲዮ መልእክቱን የሚያነበው ከቁመቱ ስለሆነ፣ የመብረቁን ጩኸት ከሰው ድምፅ ለይቶ ማውጣት አይችልም፤ በክረምት ማታ በመካከለኛ ሞገድ ዜና የሰማ ሁሉ ያንን ፍንጥቅጥቅ ያውቀዋል። «ኤፍ.ኤም.» ቁመቱን ከነአካቴው ስለማይመለከት ድምፁ ጥሩ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ ለዚህ ፈጠራው የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ነገር ግን «ኤፍ.ኤም.» የሚሠራበት ሞገድ አጭር ስለሆነ ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። «ኤ.ኤም.» የሚሰራጭበት መካከለኛ ሞገድ፣ በአፍሪካና በኤውሮፓ ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርትዝ የተመደበለት ሲሆን፣ የምድሩን መልክ እየተከተለ ሩቅ ይጓዛል። ሲመሽ ደግሞ በቀን ማዕበሉን የሚውጠው የላይኛው አየር ንብርብር ስለሚጠፋ፣ ከርሱ በላይ ያለው ንብርብር ማዕበሉን እንደ መስተዋት ወደ ምድር ይመልሰዋል። በቀን የማይሰማ የሩቅ አገር ጣቢያ ሌሊት ላይ ጥርት ብሎ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ተራራና ሸለቆ በበዛበት አገር ይህ ባሕርይ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሬዲዮ ሳንርቅ ሌላ አንድ ትርጕም አለ፤ ታሪኩ ደስ ስለሚል ሳንናገረው አናልፍም። በኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ላይ ያለ ነጥብ የሚጻፈው «ኤ ኤም» አሜሪሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ምልክት ነው፤ ተራ ቍጥሩ 95 ነው። ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ ጊዜ በቺካጎ ሠሩት፤ ነገሩም ምስጢር ሆኖ ቈየ። በይፋ ለሊቃውንት ጉባኤ ሊቀርብ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በኖቬምበር 11 ቀን 1945 ሲቦርግ በአንድ የልጆች የጥያቄና መልስ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ በእንግድነት ቀርቦ ነበር። ከልጆቹ አንዱ፣ አዲስ ንጥረ ነገር ተገኝቷል ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ሲቦርግም አዎን ብሎ እዚያው ተናገረ። እንዲህ ሆኖ ንጥረ ነገሩ ከጉባኤው በፊት በሬዲዮ ለልጆች ተበሠረ። ዛሬ በብዙ አገር በየቤቱ ጣራ ላይ በሚሰቀለው የጢስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ውስጥ ያለችው ኢምንት ቅንጣት ከዚሁ ንጥረ ነገር የተሠራች ናት።

የቀሩትን ትርጕሞች በአጭሩ እንለፋቸው። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ከስሙ በኋላ «ኤ.ኤም.» ብሎ ቢጽፍ፣ ማስረጃ መርማሪው አይደንግጥ፤ በላቲን የቃላት ቅደም ተከተል የተጻፈ ያው የታወቀው «ኤም.ኤ.»፣ ማስተር ኦፍ አርትስ ነው። በአውስትራሊያ ከስም በኋላ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው የአገሪቱ ኒሻን አባል ማለት ነው። በአገሮች መለያ ኮድ ደግሞ አርመንያ ናት። የኢንተርኔት አድራሻዋ በነዚህ ሁለት ፊደሎች ስለሚያልቅ፣ ሌላ አገር ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለስማቸው ይመቻል ብለው ከርሷ ይገዛሉ።

አንባቢያችንን ምናልባት ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ኮድ ውስጥ «ኤ ኤም» ማለት አማርኛ ነው። በስልክዎ ላይ የቋንቋ ምርጫ ሲከፍቱ ከጀርባው ኮምፒዩተሩ አማርኛን የሚያውቀው በነዚህ ፊደሎች ነው። የአገር ኮድና የቋንቋ ኮድ የተለያዩ መዝገቦች በመሆናቸው፣ በአገር መዝገብ «ኢ ቲ» ኢትዮጵያ ስትሆን፣ በቋንቋ መዝገብ «ኢ ቲ» የኢስቶንያ ቋንቋ ነው። አማርኛን የፈለገ ሰው ኢትዮጵያ ትሆናለች ብሎ «ኢ ቲ»ን ቢመርጥ ኢስቶንኛ ይመጣለታል፤ አርመንኛን የፈለገም «ኤ ኤም»ን ቢጭን ከኛ ፊደል ጋር ይፋጠጣል።

አሕጽሮትን በራሱ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ያገራችን የዜማ ሊቃውንት በድጓው ቃላት ላይ የሚያኖሯቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ከቃላት ወይም ከሐረጎች የተቈረጡ አንድ ወይም ሁለት ፊደሎች ናቸው፤ መሪጌታው ያችን ጥቂት ፊደል አይቶ የሐረጉን ሙሉ ዜማ ያወጣዋል። ይህ የሚሆነው ግን ጸሓፊውም አንባቢውም በአንድ ጉባኤ ቤት፣ በአንድ መምህር ሥር ዓመታት ስለ ተቀመጡ ነው። የመንግሥት ደብዳቤ አንባቢ ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። «መ/ቤት»፣ «ም/ቤት»፣ «ማ/ቤት» ብለን ስንጽፍ፣ እኛ መሥሪያ ቤት፣ ምክር ቤት፣ ማረሚያ ቤት ማለታችን ነው፤ በእጅ ጽሕፈት ግን ሦስቱን የሚለያቸው አንዲት ጭረት ናት። «ገ/ማርያም» ብለን ያሳጠርነው ስምም እንዲሁ በላቲን ፊደል ከነጭረቱ ሲገለበጥ፣ የውጭ አገር ኮምፒዩተር ጭረቱን አልቀበልም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ገብረ ማርያም በአንድ ወረቀት ላይ በሙሉ ስሙ፣ በሌላው ላይ በአንድ ፊደል ጀምሮ፣ ሁለት ሰው ሆኖ ይኖራል።

ለመሥሪያ ቤት ጽሕፈት የሚያገለግል አንድ ናሙና እንስጥና እናብቃ። ስብሰባው ለውጭ እንግዶችም ለራሳችን ሰዎችም የሚሆን ከሆነ፣ ጥሪው «ማክሰኞ ጥር 6 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት፣ ይኸውም በኤውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 2025፤ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ይኸውም በዓለም አቀፍ አጻጻፍ 09:00» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከአንድ መስመር ጥቂት ይረዝማል። ሌሊት የሚነሣ መንገደኛ ከሆነ ደግሞ «ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል፤ መንገደኛው ሰኞ ማታ በ4 ሰዓት ተኩል በአውሮፕላን ጣቢያ ይገኝ» ይበሉለት።